የማይጮኸው ጣቢያ

ነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ሲመጡ አንዱ መቆም አለበት። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ሞተሩ አዲስ ቢሆን፣ ወንበሩ ቢታደስ፣ ኃላፊዎቹ ከረባት ቢያስሩ፣ ያው አንዱ ጣቢያ ገብቶ ወደ ጎን ሐዲድ ይዞርና ሌላው እስኪያልፍ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። ማን እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚቆም፣ የት እንደሚቆም የሚወስነው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው ወላጆቹ ያወጡለት ደህና ስም ነበረው፤ በመስመሩ ላይ ግን በዚያ ስም የሚጠራው የለም። «ደቂቃ» ነው የሚሉት።

ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው። ሻይ እንጠጣ ሲሉት «አንድ ደቂቃ»፣ ሰው ይፈልግሃል ሲሉት «አንድ ደቂቃ»። የመጀመሪያ ልጁ የተወለደች ቀን ከሆስፒታል ሲደውሉለት እንኳ «አንድ ደቂቃ» ብሎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋደመውና መጀመሪያ የጭነቱን ባቡር አሳለፈ እያሉ ያሙታል። ሐሜት አይደለም፤ እውነት ነው። ራሱም ሲያወራው ደስ ይለው ነበር።

የሚሠራው በትልቁ ጣቢያ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር በተፋጠጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ባቡር ሲያስቆምና ሲለቅ የሚውል ሰው ባቡር በዓይኑ አያይም። የሚያየው ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ሰፊ ወረቀት ነው። ሰዓቱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ጣቢያዎቹ ከላይ ወደ ታች ተጽፈዋል፤ እያንዳንዱ ባቡር በእርሳስ የተሰመረ ሰያፍ መስመር ነው። የሚመጣውና የሚሄደው መስመር የሚቋረጡበት ነጥብ ጣቢያ ላይ ካረፈ ሰላም ነው። ከሁለት ጣቢያ መሀል ካረፈ ግን አንዱን አጥፍቶ እንደገና ማስመር ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ባቡር ሙሉ ሰው የሆነ ቦታ ፀሐይ ላይ ተገትሮ ይቀራል። ደቂቃ በዚህ ሥራ ጎበዝ ነበር፣ ይህን መካድ አይቻልም። ላጲሱን ግን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም።

ሐዲዱ በሚያገናኛቸው ሁለት ከተሞች መካከል ባቡር ከባቡር የሚተላለፍባቸው ሦስት ትንንሽ ጣቢያዎች አሉ። ስልካቸው ከደቂቃ ጠረጴዛ ጋር በአንድ ሽቦ የተያያዘ ስለሆነ አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማል። ከወዲያኛው ከተማ ሲመጡ የመጀመሪያውን ጣቢያ የያዘችው ሴት «እሳቷ» ትባላለች። ባቡር እርሷ ጋ ይቁም ከተባለ ሽቦው ይግላል።

«ደሞ ዛሬም እኔ ጋ? አንተ እኮ ጥላ ስር ቁጭ ብለህ እርሳስ ትቀርጻለህ፤ ሕዝቡ የሚበላው እኔን ነው። ወንድ ከሆንክ ና ራስህ አስቁመው።»

የመጨረሻውን ጣቢያ የያዘው ሰውዬ ደግሞ «አቤቱታ» ነው የሚባለው። እሱ አይጮህም፤ ረጋ ብሎ «እሺ፣ ግን በጽሑፍ አሳውቃለሁ» ይላል። ያሳውቃልም። ማመልከቻው በማግስቱ በመጀመሪያው ባቡር ይደርሳል፣ ግልባጩ ለአምስት ቢሮ ነው፣ ደቂቃም ለእያንዳንዱ መልስ ሲጽፍ ምሳው ይበርድበታል።

መካከለኛው ጣቢያ ላይ ያሉት አንድ ሽማግሌ ናቸው። «መካከለኛ፣ የጠዋቱ የሕዝብ ባቡር እርስዎ ጋ ይቁም» ሲባሉ ለአፍታ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ «ተቀብያለሁ። ይቆማል» ይላሉ። ሌላ ነገር አይሉም። እንዲህ ሲሉ ስንት ዓመት እንደኖሩ እሳቸውም የሚቆጥሩት አይመስለኝም።

እኚህ ሽማግሌ የደቂቃ ሚስት አባት ናቸው።

ደቂቃ መጀመሪያ ወደ መስመሩ የመጣው ጠጠር ሊሸከም ነው። ከሐዲዱ ስር ጠጠር የሚደለድሉ የቀን ሠራተኞች ሲመጡ አንዱ እሱ ነበር፤ መካከለኛው ጣቢያ ሰፍረው ከረሙ። ሽማግሌው፣ ያን ጊዜ ሽማግሌ አልነበሩም፣ ልጁ በእረፍት ሰዓት የስልኩን ንግግር በመስኮት ሲያዳምጥ አዩት። አልተቆጡትም፣ አስገቡት። የሐዲድ መቀየሪያውን እንዴት እንደሚጎትት፣ መብራቱን እንዴት እንደሚያይ፣ የተነገረን ቃል መልሰው ሳይደግሙ ባቡር እንደማይለቀቅ አስተማሩት። ከዚያ ራሳቸው ከተማ ድረስ ሄደው፣ ደጅ ጠንተው፣ ለተቆጣጣሪነት ሥልጠና አስገቡት። ከሥልጠናው ሲመለስ ልጃቸውን ጠየቀ። «ተቀብያለሁ አሉኝ እኮ» እያለ ደቂቃ ለጓደኞቹ ሲያወራ ሁሉም በሳቅ ይፈርሳሉ።

መካከለኛው ላይ ከጣቢያው በቀር ምንም የለም። ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት፣ የውኃ ጋን፣ ሽማግሌው ለመንገደኛ ብለው በእጃቸው የሠሩት ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ግድግዳ ታክከው የተደረደሩ የንብ ቀፎዎች። የደቂቃ ልጆች ያደጉት በዚያ ማር ነው። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ሽማግሌው እዚያ ብቻቸውን ቀሩ። ልጃቸው ከእኛ ጋር ኑር ብላ ብትለምናቸው «እዚህ ቤት አለኝ» ነው መልሳቸው። ቤቱ ግን የእሳቸው አይደለም፤ የምድር ባቡሩ ነው። ሥራውን የለቀቀ ቤቱንም ይለቃል።

መጀመሪያ አካባቢ ደቂቃ ፍትሐዊ ነበር። መቆም ካለ ለሦስቱም ያካፍል ነበር፤ ዛሬ እሳቷ፣ ነገ አቤቱታ፣ ከነገ ወዲያ አማቱ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ጥርሱን አመመው። እሳቷ ሽቦው ላይ መንደድ ስትጀምር ያ ድምፅ ድዱ ውስጥ ገብቶ የሚቆፍረው መሰለው። ላጲሱን አነሳና መስመሩን ወደ መካከለኛው ሳበው። «ተቀብያለሁ። ይቆማል።» ክፍሉ ፀጥ አለ። እንዴት ደስ እንዳለው። ጥርሱ በሳምንቱ ተነቀለ፤ ልማዱ ግን እዚያው ሥር ሰደደ።

ከዚያ በኋላ መቆም ያለበት ሁሉ መካከለኛው ላይ ይቆም ጀመር። እሳቷ ጋ ትንሽ ቆሞ ሊያልፍ የሚችለውም፣ አቤቱታ ጋ ምንም ሳይጠብቅ የሚተላለፈውም። ደቂቃ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ያስብበት ነበር። ዝም ብሎ እጁ ወደማይጮኸው ሰው ይሄዳል።

በዚያ ላይ የድርጅቱ ደንብ አንድ ጉድ ነበረው። ባቡር ሲቆም መዘግየቱ የሚመዘገበው በቆመበት ጣቢያ ስም ነው። ማን አስቆመው፣ ለምን አስቆመው የሚል ጠያቂ የለም። ሞተሩ ከተማ ውስጥ ተበላሽቶ ቢውል፣ ላም ሐዲድ ላይ ብትተኛ፣ ነጂው ምሳ ሲበላ ቢቆይ፣ በመጨረሻ ጥፋተኛው ባቡሩን ተቀብሎ ያቆመው ጣቢያ ነው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ የደንቡ ነገር ሲነሳ ይስቃሉ።

መንገደኛ ግን አይስቅም። በመስኮት ሲያይ የሚታየው አንድ ቀይ ባንዲራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ያስቆሙት እሳቸው ናቸው ማለት ነው። ሽማግሌው በባልዲ ውኃ ይዘው ከፉርጎ ፉርጎ ይዞራሉ፤ ሰዉ ውኃውን ይጠጣና ይሰድባቸዋል። አንድ ቀን ለሥራ ፈተና የሚሄድ ጎልማሳ፣ ሰዓቱ እንዳለፈበት ሲገባው ወረደና በጥፊ አጮላቸው። ባልዲው ተደፋ። ወሬውን ሽቦው ላይ ያመጣው የባቡሩ ነጂ ነው፣ ለዚያውም እየሳቀ።

«ኧረ መካከለኛ አባታችን ዛሬ ጥፊ ቀመሱ።»

ሁሉም ሰሙ። ደቂቃ እርሳሱን አስቀመጠ።

«አባባ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። የጭነቱ አልፏል። የቆመውን ልልቀቀው?»

«ይልቀቁት» አለ ደቂቃ። ጉንጩ ላይ የሆነ ነገር ሞቀው፣ እሱ የተመታ ይመስል። ነገ መካከለኛው ላይ አንድም ባቡር አላቆምም ብሎ ለራሱ ማለ። በማግስቱ ለእሳቷ ሊሰጣት ስልኩን ሲያነሳ ሁለት ቃል ሳትጨርስ ላጲሱ እጁ ላይ ነበር። ለሚስቱ ስለ ጥፊው ምንም አልነገራትም።

ከዚያ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ወጣት ነው፣ ጫማው ያብለጨልጫል፣ ባለቀለም ሥዕል ይወዳል። መዘግየትን ከሥሩ እነቅለዋለሁ ብሎ የጣቢያ ኃላፊዎችን በሙሉ ለስብሰባ ጠራ። መካከለኛው ብቻ አልመጡም። ሊመጡ አልቻሉም፤ ያን ጠዋት ደቂቃ እሳቸው ጋ ባቡር አስቁሞ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ግድግዳው ላይ ሥዕሉን ሰቀለ። የየጣቢያው መዘግየት በዓምድ ተሥሏል። የእሳቷና የአቤቱታ ዓምዶች ከወለሉ ብዙም ከፍ አላሉም፤ የመካከለኛው ግን ወረቀቱን ጨርሶ ሊወጣ ደርሷል።

«ይሄኛው ምን ነክቶት ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

እሳቷ ጥፍሯን ታይ ጀመር፤ ከዚያ ቀና ብላ ደቂቃን አየችው። አቤቱታ እስክሪብቶው በእጁ እያለ የሚጽፈው ነገር ጠፋው። ጠረጴዛውን የከበበው ሰው ሁሉ ነገሩን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል።

«መቆጣጠሪያ ክፍሉ ምን ይላል?»

ደቂቃ ሊላት የሚገባት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ የማስቆመው እኔ ነኝ። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ በሐሰት አልወነጅለውም። ግን ከእርሷ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ታየው። ለምን ሁሉን እዚያ? መልሱም ታየው። እሳቸው ስለማይጮሁብኝ። ይህን ቃል በከረባት መሀል፣ በእሳቷ ፊት፣ ከአፉ ሊያወጣ? የመቆጣጠሪያው ዋና ኃላፊ ሊሆን ስሙ እየተነሳ ባለበት ሰዓት?

«ያው እንግዲህ… ሰውየው አርጅተዋል» አለ። «ደክመዋል።»

ሲናገረው የርኅራኄ ቃል መስሎ ነበር የተሰማው። ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቀነቀና እስክሪብቶውን አንስቶ ረጅሙ ዓምድ ላይ መስቀል አሰመረበት።

«ባቡር የማይቆምበት ጣቢያ ባቡር ሊያዘገይ አይችልም» አለ፣ አድናቆት እየጠበቀ ዙሪያውን ቃኘ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስት ከነበረው መተላለፊያ አንዱ ሲዘጋ ሁለቱ ላይ ምን እንደሚመጣ የማያውቅ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም፤ ከሥራ አስኪያጁ በቀር።

በዚህ መንገድ መካከለኛው ጣቢያ በወሩ መጨረሻ ይዘጋ፣ ኃላፊው በጡረታ ይሰናበት፣ ቤቱን ያስረክብ ተባለ። ከስብሰባው ሲወጡ እሳቷ ደረጃው ላይ ደቂቃን አልፋው ሄደች። እንደወትሮዋ አልጮኸችም። ደቂቃ ብትጮህ ይመርጥ ነበር።

ለሽማግሌው የሚነግራቸው ሌላ ሰው አልተገኘም። ትእዛዝ በሽቦ የሚያስተላልፈው ተቆጣጣሪው ነው።

«መካከለኛ፣ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ጣቢያው ይዘጋል።»

ከወትሮው ረዘም ያለ ዝምታ ሆነ። የግድግዳ ሰዓታቸው በስልኩ ውስጥ ሲቆጥር ይሰማል።

«ተቀብያለሁ» አሉ። ይቆማል የምትለዋ ቃል ቀረች፤ የሚቆም ነገር የለማ።

ማታ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ «ከላይ የመጣ ውሳኔ ነው» አላት። ሚስቱ ስታለቅስ አመሸች። «አባዬ ምን አጠፋ? ዕድሜውን ሙሉ ባቡራቸውን ሲቀበል የኖረ ሰው» እያለች። ደቂቃ ጀርባዋን እያሻሸ አባበላት። ዕቃቸውን የሚያመጣ ፉርጎ በነፃ እንዳስፈቀደ ሲነግራት እንባዋን ጠርጋ እጁን ያዘችው።

«አንተ ባትኖር ማን ያስብለት ነበር» አለችው።

የመዝጊያው ቀን ወደ ደቂቃ ከተማ የሚመጣው የከሰዓቱ የሕዝብ ባቡር መጨረሻው ላይ ባዶ ፉርጎ ተቀጥሎለት ከወዲያኛው ከተማ ተነሣ። ሽማግሌው ዕቃቸውን ጭነው አብረው ሊመጡ ነው። ያን ቀን ከዚህ በኩል የሚሄደው የጭነት ባቡር ሞተሩ ታሞ እጅግ ዘግይቷል። ስለዚህ የሕዝቡ ባቡር የግድ አንድ ቦታ ቆሞ ሊጠብቀው ነው፤ ወይ መካከለኛው ላይ፣ ወይ አቤቱታ ጋ። የደቂቃ እርሳስ ሳይጠየቅ፣ በለመደችው መንገድ፣ መካከለኛው ላይ አሰመረች።

ሥራ አስኪያጁ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ከኋላው ቆሞ ነበር። ታሪካዊ ቀን ነው ብሎ ሊያይ መጥቶ ነው።

«ዛሬ መካከለኛው ላይ መዘግየት ዜሮ ነው የምናየው፤ አይደል?» አለ።

ደቂቃ ላጲሱን አነሳ። ስንት ዘመን ሙሉ መቆምን ሁሉ ወደ አማቱ ሲስብ የኖረ እጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአማቱ ላይ አንስቶ አቤቱታ ጋ ወሰደው። አቤቱታ በጽሑፍ አሳውቃለሁ አለ።

ባቡሩ መካከለኛው ደርሶ ዕቃው ሲጫን ስልኩ ጮኸ።

«መቆጣጠሪያ፣ መካከለኛ ነኝ።»

ደቂቃ ደነገጠ። ሽማግሌው ሲጠሯቸው ነው የሚመልሱት፤ ለራሳቸው ጉዳይ ደውለው አያውቁም።

«አቤት፣ አባባ። ዕቃው ተጫነ?»

«ተጭኗል። ቀፎዎቹ ብቻ ቀሩ።» ትንሽ አመነቱ። «ንቦቹ ገና አልገቡም፣ ልጄ። ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የሚገቡት። አሁን የቀፎውን አፍ ብደፍነው ውጪ ያሉት ይቀራሉ፤ ቤታቸውን ፈልገው ሲዞሩ ያልቃሉ። የጭነቱ ዘግይቷል ሲባል ሰማሁ። የሚጠብቀው ካልቀረ እዚህ ቢጠብቅ ብዬ ነው። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ብቻ።»

ላጲሱ እጁ ስር ነው። የጠፋው መስመር አሻራው ወረቀቱ ላይ ገና ይታያል። መመለስ ማንንም አይጎዳም፣ አንድም መንገደኛ ከዚህ የበለጠ አይዘገይም፤ መቆሙ እንደሆነ አይቀር። ሥራ አስኪያጁ ሻዩን ፉት ሲል ይሰማዋል።

«ለንብ ባቡር ላቁም፣ አባባ?» አለ ደቂቃ። የራሱ ድምፅ አላማረውምና ነገሩን ወደ ጨዋታ ሊለውጠው ፈለገ። «ለመሆኑ ትኬት ቆርጠዋል?»

ሥራ አስኪያጁ ከት ብሎ ሳቀ። ሽቦው ላይም አንድ ሰው ሳቀ፣ ነጂው ይሆናል። ደቂቃ አለቃ አስቆ አያውቅም ነበር። ትንሽ ደስ አለው፤ መደበቅ የለብኝም፣ ደስ አለው።

ከዚያ የእሳቷ ድምፅ መጣ፣ ዝቅ ብሎ፣ የእርሷ እስከማይመስል።

«አቁምላቸው። ከፈለግክ መዘግየቱን እኔ ላይ ጻፈው።»

«በሥራ መስመር ላይ የግል ወሬ ይቅር» አለ ደቂቃ። «መካከለኛ፣ ባቡሩ ይውጣ።»

ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ለአፍታ ዝም አሉ።

«ተቀብያለሁ። ይወጣል።»

ባቡሩ ወጣ። አቤቱታ ጣቢያ ሲደርስ ወደ ጎን ሐዲድ ዞሮ ቆመ። የጭነቱ ባቡር የለም። ጠበቁ። ሥራ አስኪያጁ ዜሮውን አይቶ፣ የደቂቃን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ሄደ። ደቂቃ ብቻውን ቀረ። ከዚህ በኋላ የሚሰማው ባይኖር ይሻለው ነበር፤ አቤቱታ ግን የሚያየውን ሁሉ ማሳወቅ የለመደ ሰው ነው።

«ለመረጃ ያህል» አለ። «ሽማግሌው የፉርጎው በር ላይ፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ውኃ ብሰጣቸው እንቢ አሉ። ፀሐይዋን ነው የሚያዩት።»

ደቂቃ እርሳሱን አንስቶ ይቀርጽ ጀመር።

ቆየት ብሎ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ለመረጃ ያህል። ፀሐይዋ ጠለቀች። የጭነቱ ገና አልታየም።»

ሽማግሌው ከተማ ሲገቡ ልጃቸው ጣቢያ ወርዳ አቀፈቻቸው። ዕቃውን አየት አደረገችና «ንቦቹስ፣ አባዬ?» አለች። ደቂቃ ከኋላዋ ቆሟል። ሽማግሌው አላዩትም፤ ሊያዩት አልፈለጉም ወይም አልቻሉም።

«ተውኳቸው» አሉ። «ጊዜ አልነበረም።»

«ይሄ ሰውዬ እኮ ስላንተ ሲጨነቅ ነው የከረመው» አለች ልጃቸው ወደ ባሏ እየጠቆመች። «እግዚአብሔር ይስጠው በለው።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። ደቂቃ አንገቱን ደፍቶ አልጋውን ሊሸከም ሄደ። ምናለ ቢሰድቡኝ እያለ። ቢሰድቡት ይቀለው ነበር፤ ያቺንም አላገኘም።

መካከለኛው ከተዘጋ ወዲህ መስመሩ ታነቀ። እዚያ ይቆም የነበረው ሁሉ ለእሳቷና ለአቤቱታ ሆነ፤ አንዷ ስትጮህ ሌላው ሲጽፍ ይውላል፣ ባቡሮቹም ድሮ ከሚዘገዩት እጥፍ ይዘገያሉ። ሥራ አስኪያጁ ግን መካከለኛው ላይ ዜሮ ስላስመዘገበ ተመስግኖ ወደ ትልቅ ቦታ ተዛወረ። ሲሄድ ለደቂቃም የምስጋና ወረቀት ሰጠው። ዋና ኃላፊነቱ ለሌላ ሰው ሆነ። ሚስቱ ወረቀቱን በመስታወት አስገብታ ሳሎን ሰቀለችው፤ ከስሩ የሽማግሌው አልጋ ነው የተዘረጋው፣ ሌላ ቦታ የለማ።

የደቂቃ ቤት ጠባብ ነው። አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ፣ አንድ መታጠቢያ። ሰው የሚተላለፍበት ኮሪደር አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ከመጣ አንዱ ግድግዳ ታክኮ መቆም አለበት። ማን እንደሚቆም ለመወሰን ቤተሰቡ አንድ ሳምንት አልፈጀበትም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይረፍድባቸዋል፣ እናታቸው ሥራ ይረፍድባታል። ሽማግሌው የሚረፍድባቸው ነገር የለም። ልጃቸው በክፋት አይደለም፤ ትወዳቸዋለች። ግን ጠዋት ጠዋት ትንሹ ልጅ ሊታጠብ ሲያለቅስ፣ ትልቋ ስትነጫነጭ፣ ከሁሉም የማይነጫነጩት እሳቸው ናቸው።

«አባዬ፣ ትንሽ ቆይ፤ ልጆቹ ይግቡ።»

ሽማግሌው ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የመታጠቢያው በር ላይ ደርሰው ነበር። ለአፍታ ዝም አሉ።

«ተቀብያለሁ። ይቆማል» አሉ።

ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ጨዋታ ይሄ ሆነ፤ ትንሹ ወንበር ሲፈልግ «አባባ፣ ይቁሙ» ይላል፣ ሽማግሌው ይመልሳሉ፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እናታቸውም ትስቃለች። «አባዬ እኮ ድሮም ጨዋታ ያውቃል» ትላለች። የማይስቀው ደቂቃ ብቻ ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ ያደረገ ይመስለዋል፤ እርሳሱንም የያዘ።

አንድ ጠዋት አርፍዶ ተነሣ። ሲወጣ ኮሪደሩ መሀል ሽማግሌው በፎጣና በሳሙና ቆመዋል፤ ልጆቹ ወጥተው፣ ሚስቱ ጨርሳ፣ ገና ተራ ደርሷቸው ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ አንድ እግራቸውን አስገብተዋል። ደቂቃ ቆመ። ዛሬስ ይግቡ፣ እኔ እቆማለሁ ሊላቸው ነበር። ከልቡ ነበር። አፉንም ከፍቷል።

ሽማግሌው የእግሩን ኮቴ ሰምተው ዞር አሉ። ሰዓቱን አዩ፣ ፊቱን አዩ። ማንም ምንም ሳይላቸው ያስገቡትን እግር መለሱና፣ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስጠግተው፣ ፎጣቸውን ደረታቸው ላይ ሰብሰብ አደረጉ።

«እለፍ፣ ልጄ» አሉት። «እኔ ለምጄዋለሁ።»

ደቂቃ ሰዓቱን አየ። በእርግጥም ረፍዶበታል። አልፏቸው ገባና በሩን ዘጋ።